የግሱ ጅራት

አባቴ ባጃጁን በሸጠ ሰሞን፣ ካሚዮን ሊገዛ ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወራሁ። ያለ ማስረጃ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ፈላና በር ባለችው ቤታችን ደጃፍ ላይ ስጫወት፣ ውስጥ አባቴና ጓደኛው ፈይሰል «ካሚኖ፣ ካሚናስ፣ ካሚና» እያሉ ድምፃቸውን ሲያነሱና ሲጥሉ እሰማለሁ። ለሰባት ዓመት የሐረር ልጅ ይህ ከካሚዮን ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ባጃጁ ተሸጧል፤ ሰውየው ካሚዮን ካሚዮን ይላል፤ ታዲያ ምን ቀረ? አንዲት የጎረቤት ልጅ «ሲገዛ ከኋላ ትጭኑኛላችሁ?» ብላ ስትለምነኝ፣ ቦታ ከተገኘ አስብበታለሁ አልኳት።

ወሬው ዞሮ ዞሮ አባቴ ጆሮ ገባ። አንድ ቀን ክንዴን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝና «ገሊላ፣ ካሚዮን የሚባለውን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ራሳችሁ ናችሁ ስትሉ የምትውሉት።»

ፈይሰል ከት ብሎ ሳቀ። «ወሪያ ለገሠ! ልጅህ እኮ ሹፌር አደረገችን!» አባቴም ሳቀ፣ እናቴ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ውጭ ስታወሪ ከምትውዪ እዚሁ ከእኛ ጋር ተማሪ» ተብዬ ትምህርቱ ላይ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። አሁን ሳስበው፣ ምላሴን ከሰፈር ለማራቅ ነበር።

አስተማሪው ጋሼ ኒቆዲሞስ ናቸው። አባታቸው በሶማሌ ጦርነት ሲሞቱ፣ እሳቸው ገና ልጅ ሆነው እንደሳቸው አባት ከሌላቸው ልጆች ጋር በመርከብ ተጭነው ኩባ ሄዱ። እዚያው አድገው፣ እዚያው ተምረው፣ ጎልማሳ ሆነው ተመለሱ። ሰፈሩ «ኩባው» ይላቸዋል። ቴሌቪዥን ይጠግናሉ፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን ያጡ ቀን ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው ሰው ያያሉ። ስፓኒሻቸው ሐረር ውስጥ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም፤ አባቴና ፈይሰል መጥተው እስኪለምኗቸው ድረስ።

«ዛሬም ያችኑ ግስ እናረባለን» አሉ፣ እኔ በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ቀን።

እኔ የማውቀው የሚረባ ነገር ዶሮና በግ ነው። እናቴ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸዋ በር የምትሸጠውን ለውዝ ትፈለፍላለች፤ ለውዙን ፈይሰል ነው ድሬ ጠያራ ካለው ከወላጆቹ ማሳ የሚያመጣላት። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ግስ ምን ይበላል?» አልኳት።

«ሰው ይበላል» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ፈራሁ። ጋሼ ኒቆዲሞስ ግን የሚያስፈራ ነገር አላወጡም። በጠመኔ የቁም ሳጥናችን በር ላይ ይጽፋሉ፣ ይናገራሉ።

«ካሚናር፤ በእግር መሄድ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ‹አር› ቆርጠን እንጥላለን። ‹ካሚን› ቀረች። አሁን ጅራት እንቀጥልላታለን። እኔ ከሆንኩ፣ ካሚኖ፤ እሄዳለሁ። አንተ ከሆንክ፣ ካሚናስ፤ ትሄዳለህ። እሱም እሷም፣ ካሚና። እኛ፣ ካሚናሞስ። እነሱ፣ ካሚናን። እናንተም ቢሆን ኩባዎች ካሚናን ነው የሚሉት።»

«‹እኔ› የሚለው ቃል የት ገባ?» አለ አባቴ።

«ጅራቱ ውስጥ ነዋ! አንተስ ‹እሄዳለሁ› ስትል ‹እኔ› ትላለህ? ሰውየው ግሱ ውስጥ አለ። ማን እንደሚሄድ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ከጅራቱ ትለያለህ። እንደኛው ናቸው።»

«ለሴትስ?» አልኩ እኔ።

«ያው ነው። ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ የለም። ለአባትሽም ካሚናስ፣ ላንቺም ካሚናስ።» ለእኔና ለአባቴ አንድ ቃል በመኖሩ በጣም ደስ አለኝ።

ፈይሰል ጎበዝ ነበር። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ አደርኛ፣ ሶማሊኛ እንደ ልብሱ ይቀያይራል፤ አምስተኛው አልከበደውም። አባቴ ግን ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ደግሞ ከጨዋነቱ የመጣ ነው። ጋሼ ኒቆዲሞስ «እስቲ ስለ እኔ ተናገር፤ እየሄድኩ ነው እንበል» ሲሉት፣ አክብሮት መስሎት «ጋሼ ኒቆ ካሚናን» አለ።

«እኔ ስንት ነኝ?»

«አንድ… ግን እርስዎ ነዎት። እሳቸው ይሄዳሉ ለማለት ነው።»

«እነሱ ዘንድ አንቱም አንድ ሰው ነው። ሺህ ጊዜ ብታከብረኝ ካሚና ነኝ። ለገሠ፣ ይሄን ጠንቅቀህ ያዝ። ፖሊስ ይዞህ ስለ አንድ ሽማግሌ ካሚናን ካልከው፣ ሌሎቹስ የት አሉ ብሎ ጫካውን ነው የሚያስሰው።»

እናቴ የለውዝ ገለባውን እፍ ብላ አበነነችና «ጋሼ ኒቆ፣ ሌላ ግስ የላቸውም? መጀመሪያ መብላትን አያስተምሯቸውም?» አለች።

«እሱ በሌላ መንገድ ነው የሚረባው፣ ሰላማዊት። በ‹አር› የሚያልቁትን እንጨርስ።»

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የሚሄደው በእግሩ ነው። በእግር የሚኬድበት አገር ደግሞ ቅርብ ነው። ሩቅ የሆነው ድሬዳዋ እንኳ በሚኒባስ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ከፈይሰል አገር ከድሬ ጠያራ ትንሽ አለፍ ቢል ነው አልኩ። ካሚዮኑ በመቅረቱ ትንሽ ቢከፋኝም፣ ማታ ማታ የሚመለስ ስለመሰለኝ ተጽናናሁ።

አሁን ስልኬ ላይ ያንን ጫካ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። አሜሪካ ለመግባት ከኢኳዶር ተነስተው በኮሎምቢያ አድርገው ወደ ፓናማ የሚያቋርጡ ሰዎች፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ ልጅ ተሸክመው። ከየአገሩ ናቸው። አንዳንዱን ቪዲዮ እያቆምኩ ፊታቸውን አያለሁ። አባቴ የሄደው ያ መንገድ ገና እንዲህ ሳይታወቅ ነው፤ ደላላው «ትንሽ ዱር አለች» ብቻ ነበር ያላቸው።

የሄዱ ጠዋት ሸዋ በር ሸኘናቸው። ሚኒባሱ ሲሞላ ግራ ገባኝና «በእግር አይደል እንዴ?» አልኩት። አባቴ ተንበርክኮ ጫማዬን እንደማሰር አለ፤ ታስሮ ነበር። «ይሄ እስከ አውሮፕላኑ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ካሚናሞስ። በደወልኩ ቁጥር እጠይቅሻለሁ፤ እንዳትረሺ።» ፈይሰል ከመስኮት ሆኖ ለእናቴ «አደራሽን፣ ሰላማዊት፣ ዱዓ አድርጊልን! በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም በኩል ይሁን!» አላት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ራሷን ነቀነቀች።

ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው። መስመሩ ድምፅ ያስተጋባል፤ አንድ ጊዜ የተናገርነው ተመልሶ ይመጣል።

«እኔ?»

«ካሚኖ!»

«አንቺ?»

«ካሚናስ!»

«እኛ?»

«ካሚናሞስ!»

«ጎበዝ። እናትሽን ስጪኝ።» እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ ትሄዳለች። እየተከተልኩ የምለቅመው ቁርጥራጭ ነው። «ደላላው» የሚል ሰማሁ። «ወንዝ» የሚል። በመጨረሻው ጥሪ «እግርህ? ምን ያህል አበጠ? ጫማ ይገባል?» ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ «አትቅር። ለገሠ፣ እየጎተትክም ቢሆን ከሰዎቹ አትቅር» አለችው። እኔ የገባኝ አባቴ የጠበበ ጫማ እንደገዛ ነው። እኔም ለጥምቀት የተገዛልኝ ጫማ ተረከዜን ልጦት ስለነበር አዘንኩለት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። እናቴ ስልኩን ከእጇ አትለይም ነበር፤ ሌሊት ጉያዋ ውስጥ ከታው ነው የምትተኛው። አንድ ከሰዓት ግን ባትሪው ሞቶባት፣ ቻርጅ ላይ ሰክታው ለውዟን ይዛ ወደ ሸዋ በር ወጣች። የጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት ነበር፤ ለበዓሉ ከተጋገረው ዳቦ የተረፈው በእጄ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ በዳቦ እጄ አነሳሁት።

«ገሊላ ነሽ? እኔ ነኝ፣ ፈይሰል።»

«ፈይሰል! አባዬን ስጠኝ!»

ከበስተኋላው ውሻ ይጮኻል፤ ሰዎች በስፓኒሽ ያወራሉ።

«እናትሽን አቅርቢልኝ።»

«ለውዝ ልትሸጥ ሄዳለች። ስልኩን ትታው ነው።»

«ሌላ ትልቅ ሰው የለም?»

«እኔ ነኝ ያለሁት። አባዬስ?»

«አባትሽ…» አለ። «ቀድሞኝ ሄደ።»

በደስታ ዘለልኩ። እግሩ ያበጠ ሰው እንዴት ይቀድማል? «ዳነ ማለት ነው? እግሩ ዳነ?»

«አዎ» አለ ፈይሰል። «አሁን አያመውም። ወላሂ፣ ምንም አያመውም።»

አባቴ ስለሌለ ጨዋታው እንዲቀር አልፈለግኩም። ደግሞ ጠያቂዋ እኔ የምሆንበት ቀን መጥቷል። እንደ ጋሼ ኒቆዲሞስ ድምፄን አወፍሬ «እሺ ፈይሰል፣ እጠይቅሃለሁ። እኛ?» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ደገምኩት። «እኛ?»

«ካሚኖ» አለ።

እንዴት እንደሳቅሁ! ጎበዙ ፈይሰል፣ አባቴን ሲያርመው የሚውለው! «ተሳሳትክ! ካሚኖ እኮ ‹እኔ› ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲሄድ ነው። እኛ ካሚናሞስ ነው። በል፣ ካሚናሞስ በል!»

«ልክ ነሽ» አለ። «ልክ ነሽ የኔ እህት። እኔ ነኝ…» ከዚያ ጠፋ። ካርድ ጨርሶ ነው አልኩ።

እናቴን በር ላይ ጠበቅኳት። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት፤ እግሩ ዳነ፣ ቀድሞ ሄደ፣ ፈይሰል ደግሞ ተሳሳተ፣ እኔ አረምኩት።

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?» አለች።

«እኛ ብዬ።»

«እሱስ?»

«ካሚኖ። እንዲያው ደግሜ ጠይቄው ነው።»

«ደግሜ ጠይቄው» ስል ዘንቢሉ ከእጇ ወረደ። ለውዙ ደጃፉ ላይ ተበተነ፤ እናቴ ለውዝ ስታባክን አይቼ አላውቅም ነበር። እሷ ግን አላየችውም። በዚያ ሁሉ ትምህርት ጥግ ይዛ ስትፈለፍል፣ አንድም ጅራት አምልጧት አያውቅም ኖሯል።

እጄን ይዛ ጋሼ ኒቆዲሞስ ቤት ወሰደችኝ። የአንድ ቴሌቪዥን ጀርባ ከፍተው ጎንበስ ብለው ነበር። ቆማ ነው የጠየቀቻቸው።

«ጋሼ ኒቆ፣ ሰው ተሳስቶ ካሚናሞስ ማለት ሲገባው ካሚኖ ሊል ይችላል?»

«ጀማሪ ከሆነ ይሳሳታል።»

«ፈይሰል ይሳሳታል?»

ቀና ብለው አዩዋት። መፍቻውን አስቀመጡ። እኔን አዩኝ፣ እንደገና እሷን አዩ። «ፈይሰል አይሳሳትም» አሉ በዝግታ። ፈተና ወድቋል ብለው ያባርሩታል ብዬ አዘንኩለት።

«እንግዲያው ይንገሩኝ» አለች።

«ምን ብዬ ነው የምነግርሽ? አስከሬን የለ፣ ምስክር የለ። በአንድ ግስ ሰው አይረዳም፣ ሰላማዊት። ወግ አለው።»

«እሺ። የሚያረዳኝ ሰው እስኪመጣ አልተረዳሁም።» አለችና ከትከሻዋ የወረደውን ነጠላዋን መለሰች። ከዚያ ዝቅ ብላ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች «ይቺ ግን መቼም እንዳትሰማ። በእርስዎም፣ በማንም» አለቻቸው።

እንዳልሰማ የተባለው ነገር ጠዋት ከሰዓት የማረባው ግስ መስሎኝ ግራ ተጋባሁ። የሰማሁትም «አይረዳም»፣ «አልተረዳሁም» የሚለውን ነው። ሰው ሲሞትበት ተረዳ እንደሚባል የት አውቄ? እናቴ ትምህርቱ ስላልገባት ያፈረች መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ቤት ስንመለስ፣ በዚያች በጠበበች መንገድ እጇን እንደያዝኩ፣ በትዕግሥት አስረዳኋት።

«አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ካሚኖ ነው። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ነው ካሚናሞስ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለችኝ።

«በይዋ ታዲያ።»

አለችው። እናቴ ካሚኖም ካሚናሞስም አለች፣ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ። እኔም ጎበዝ አልኳት።

ልቅሶ አልነበረም። ድንኳን አልተተከለም፣ ጥቁር አልተለበሰም። ለጠየቃት ሁሉ «መንገድ ላይ ነው» ትላለች፤ ሐሰት አልነበረም፣ እስካሁንም መንገድ ላይ ነው ያለው። ነገር ግን ከዚያን ቀን በኋላ «አባትሽ ሲመጣ» የሚለው አነጋገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በፊት ቀሚስ ሲጠበኝ «አባትሽ ሲመጣ»፣ ጥርሴ ሲነቀል «አባትሽ ሲመጣ» ነበር። በየዓመቱ በጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ታድላለች። ሌላው ሰው በዋናው በዓል ነው የሚያድለው፤ አንቺ ለምን ሁልጊዜ ትዘገያለሽ እያልኩ እቀልድባት ነበር። ሙት ዓመቱን ነበር የምታወጣለት።

እያደግኩ ስሄድ አባቴ እንዳለፈ በራሴ ገመትኩ። እናቴ ግን የማታውቅ መሰለኝ። ተስፋዋን እንዳልነጥቃት ብዬ፣ በፊቷ ስሙን ሳነሳ እንደሚኖር ሰው አድርጌ አነሳው ነበር። እንዲህ አድርገን ስንተዛዘን፣ አንዳችን ሌላውን ስንሸነግል ኖርን።

ፈይሰል ባለፈው ዓመት ተመለሰ። አሜሪካ ገብቶ ነበር አሉ፤ ኖሮ ኖሮ፣ ታስሮ፣ በአውሮፕላን ጭነው መለሱት። ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ጋሼ ኒቆዲሞስ ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ፀጉሩ የሸበተ፣ የከሳ ሰው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን ሰው ለምን እንደሚመጣ በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ። ለእናቴ ስል በሩን መልሼ ልዘጋው ቃጣኝ።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። አልደነገጠችም። «ግቡ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጋሼ ኒቆዲሞስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰላማዊት፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ…»

«አይድከሙ» አለቻቸው። «ተረድቻለሁ። ያኔ ነው የተረዳሁት። ይኸው ፈይሰል ራሱ በስልክ ነግሮኛል።»

ፈይሰል ግራ ተጋባ። ለመዋሸት የማይመች ሰው ነው፤ ዕድሜም አልለወጠውም። «እኔ? ወላሂ ሰላማዊት፣ አንቺን መች አገኘሁሽ? እጄ ላይ ነው ያረፈው። ደላላው አልቆምም ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ፣ ነፍሱ እስክትወጣ አልተለየሁትም። ብቻዬን ከዚያ ዱር ወጥቼ ስልክ ስለምን፣ ያነሳችው ልጅቷ ናት።»

«ፈይሰል፣ በቃህ» አለች እናቴ።

«ለልጅ እንዴት እነግራለሁ? ምንም አልነገርኳትም! ‹እኛ› ብላ ጠየቀችኝ። ካሚናሞስ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሌላ ምንም…»

እዚያ ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ያ ከሰዓት በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ። ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ እየሳቅኩ፣ «ደግሜ ጠይቄው ነው» ስላት። እጇን ይዤ ሳስጠናት። ለእናቴ የአባቴን መርዶ የነገርኳት እኔ ነኝ። «እማዬ» አልኩ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሽማግሌዎቹን አልፋ መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ስሚኝ። አንቺ ምንም አላልሽኝም። እኔም ያኔ ምንም አልሰማሁም። ያረዱኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ አሁን።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«አሁን ነው አልኩሽ!»

ፊቴን ለቀቀችኝ። ወደ ጋሼ ኒቆዲሞስ ዞራ፣ ልክ አዲስ እንደሰማች ሁሉ፣ «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «እውነት ነው፣ ሰላማዊት። ለገሠ አርፏል» አሉ። ፈይሰልም «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለ።

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ጣለችና «ለገሠ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደረቷን ስትመታ ሽማግሌዎቹ እጇን ያዟት፤ አስለቀቀቻቸው። ፈላና በር በሙሉ ተነሳ፤ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ግቢያችንን ሞላው። «መቼ ነው? መቼ ሰማሽ?» እያለ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ አንገቴን አቅፋ እንደያዘችኝ፣ «አሁን፣ ዛሬ ጠዋት ተረዳሁ» እያለች ትመልስ ነበር።